አስጻፊ ያጣ ጸሐፊ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በጋዜጣዎም በሌሎችም ላይ በየጊዜው የሚወጣው፣ «ሕዝባችን ማንበብ ትቷል፤ መጽሐፍ ገዢ አጥቷል» የሚለው እሮሮ ነው። እሮሮውን የሚያሰሙት አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኔ ያሉ ጸሐፊዎች ሲሆኑ፣ ማስረጃቸውም አንድ ነው፤ መጽሐፋቸው አልተሸጠም። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር 29 ዓመት የሆነኝ፣ በጎን ደግሞ ሁለት የአጫጭር ልብ ወለድ መድበሎች ያሳተምሁ ሰው ነኝ። መጽሐፌ ሳይሸጥ በቀረ ቁጥር እንዲህ ማለቱ እኔንም ያጽናናኝ ነበር። ዛሬ ግን አልስማማበትም፤ የማይገዛ ሕዝብና የማያነብ ሕዝብ አንድ አይደሉምና። ይህን የተረዳሁት ባለፈው ጥቅምት፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ ፊት ቆሜ ነው።

ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሃር ስወርድ ነበር። የእነዚህን ልጆች አያያዝ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሃያ ሠላሳ የሚሆን መጽሐፍ በግራ ክንዳቸው ላይ ከእምብርታቸው እስከ አገጫቸው ይደረድሩና የላይኛውን በአገጫቸው ተጭነው ይሄዳሉ፤ ሲጠየቁም ክምሩን ሳያናጉ ከመካከል የተፈለገውን ብቻ መዝዘው ያወጣሉ። ዓይኔ ከላይ አራተኛ ላይ ባለው ቢጫ ጀርባ ላይ ዐረፈ። በ2003 ዓ.ም. ያሳተምሁት የመጀመሪያ መጽሐፌ ነበር።

ዋጋውን ብጠይቀው 300 ብር አለኝ። በጀርባው የታተመው 35 ብር መሆኑን ባሳየው፣ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ከገበያ ከጠፋ ቆየ፤ ዛሬ ካላነሡት ሁለተኛ አያገኙትም» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ከገበያ ጠፋ የተባለው መጽሐፍ 140 ያህል ቅጂው እኔ አልጋ ሥር በካርቶን ታስሮ እንደሚገኝ አልነገርሁትም። ተከራክረን በ180 ብር ተስማማን። የገዛ መጽሐፌን በአምስት እጥፍ ዋጋ መግዛቴ ለባለቤቴ እስከ ዛሬ መሳቂያ ነው፤ ነገር ግን የኋላ ሽፋኑን ውስጥ ከገለጥሁ በኋላ ትቼው መሄድ አልቻልሁም።

በዚያ ባዶ ገጽ ላይ በማስመሪያ የተሠራ ሠንጠረዥ አለ። ሦስት ዓምዶች ናቸው፤ የተዋሰው ሰው ስም፣ የወሰደበት ቀን፣ የመለሰበት ቀን። የመጀመሪያው ስም የተጻፈው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን የመጨረሻው በ2011 ዓ.ም. ነው። አሥራ አንድ ስሞች አሉ፤ የእጅ ጽሑፉም የቀለሙም ዓይነት እንደየሰዉ ይለያያል። ዘጠኙ ሲመልሱ ስማቸው በቀጭን መስመር ተሰርዟል፤ ሁለቱ አልተሰረዙም። ከሁለቱ አንዱ በመካከል ያለ በመሆኑ መርሳት ይሆናል ብዬ አልፈዋለሁ፤ መጽሐፉ ወደ አዟሪው ክንድ የተሻገረው ግን በአሥራ አንደኛው ሰው በኩል ሳይሆን አይቀርም። የመጽሐፉ ባለቤት ማን እንደነበረ አላውቅም። ሥርዓት ያለው ሰው መሆኑን ግን ማስመሪያው ይመሰክራል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ሌላ ነው። ገጽ 83 እና 84 የያዘው ቅጠል ተቀድዶ ጠፍቷል። በቦታው አንድ የደብተር ወረቀት በልኩ ተቆርጦ በሙጫ ተለጥፏል፤ በወረቀቱ ፊትና ጀርባም የጎደለው ሁለት ገጽ፣ ቃል ሳይዛነፍ፣ በእጅ ተገልብጦ ተጽፏል። ጽሕፈቱ እጅግ ያማረ ነው፤ የ«መ» እና የ«ጠ» አቋም ብቻውን ያስደስታል። ግርጌው ላይ በትንንሽ ፊደል «ከሌላ ቅጂ የተገለበጠ» ይላል። እንግዲህ በዚያ ሰፈር ቢያንስ ሌላ አንድ ቅጂ ነበረ ማለት ነው፤ እርሱም ምናልባት የራሱ ሠንጠረዥ ይኖረዋል። እኔ በሰ የጻፍሁትን «ሰርግ» ገልባጩ በሠ አድርጎ «ሠርግ» ብሎ አርሞልኛል። የአማርኛ መምህር ነኝና አፈርሁ።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህ ቅጂ በእኔ የሽያጭ መዝገብ ውስጥ «አንድ» ተብሎ የተያዘ ነው። በዚያ መዝገብ መሠረት አንድ አንባቢ አግኝቻለሁ። ሠንጠረዡ ግን ባለቤቱን ሳይጨምር አሥራ አንድ ይላል፤ ቤት ውስጥ ከጠረጴዛ ላይ አንሥተው ያነበቡትን ወንድሞችና እኅቶች የሚቆጥራቸው የለም። ስለዚህ «አልተሸጠም፣ ስለዚህ አልተነበበም» የሚለው ሒሳብ ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

ነገሩም ዛሬ የመጣ አይደለም። አባቶቻችን መጽሐፍን ከገበያ የሚገዛ ዕቃ አድርገው አያውቁትም ነበር። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆና አስምሮ፣ ጥቁሩን ቀለም ለጽሑፉ፣ ቀዩን ለአምላክና ለቅዱሳን ስም እየለየ፣ በመቃ ብዕር ለወራት ጎንበስ ብሎ አንዲት መጽሐፍ ያወጣል። ያችን መጽሐፍ ደብሩ ሁሉ ያነባታል፤ ካህኑ ይቀድስባታል፣ ተማሪው ይማርባታል፣ ማንበብ የማይችለውም ሲነበብ ይሰማታል። በብራናዎቹ መጨረሻ ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»፣ ማለትም የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን፣ ተብሎ በግእዝ የሚጻፈው ቃል የሚያሳየን፣ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚሄድ፣ ሲሄድም ሊጠፋ እንደሚችል አስቀድሞ የታወቀ መሆኑን ነው። የእኔ አሥራ አንደኛ ተዋሽ ይህን አንብቦ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይመልሰው ነበር።

ከውግዘቱ ቀጥሎ ግን ሁለት ስሞች ይገኛሉ፤ «ዘጸሐፎ» እና «ዘአጽሐፎ»። የጻፈው እና ያስጻፈው። አስጻፊው ንጉሥ ሊሆን ይችላል፣ ባላባት ሊሆን ይችላል፣ ለነፍሷ ብላ ጥሪቷን ያወጣች አሮጊት ልትሆን ትችላለች። ብራናውን የሚያቀርበው፣ ጸሐፊውንም ሥራው እስኪያልቅ የሚያኖረው እርሱ ነው። አንባቢው ምንም አይከፍልም፤ መክፈል እንዳለበት ያሰበም የለም። ይህን ካየሁ በኋላ የዛሬው ችግር የት ላይ እንደሆነ የገባኝ ይመስለኛል። አንባቢው እንደ ጥንቱ እየተዋሰ ያነባል፤ ጸሐፊውም አለ፤ የቀረው አስጻፊው ነው። እኔ ጸሐፊም አስጻፊም ራሴ ሆኜ ነው ሁለት መጽሐፍ ያወጣሁት።

ስለ ውሰት ንባብ ካነሣሁ የእናቴን ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። እናቴ ፊደል የለየችው በብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ክረምት ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ለኢትዮጵያ የዩኔስኮን የማንበብና የመጻፍ ሽልማት አስገኝቶላታል። እኛ ደብረ ማርቆስ ነበርን። እናቴ ሽልማቱን ሰምታ እንደሆነ አላውቅም፤ ማታ ማታ ከቀበሌው ጣቢያ ስትመለስ ግን ጠቋሚ ጣቷ በጠመኔ ነጭ ሆኖ ይታየኝ ነበር። ማንበብ ከቻለች በኋላ ዝም ብላ ማንበብን አልለመደችም። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ለጎረቤቶቿ ታነብላቸው ነበር። መጽሐፉ የእኛ አልነበረም፤ ከአንድ የመሬት ይዞታ ሠራተኛ ቤት በውሰት የመጣ ነው። በየቀኑ ከሦስት ገጽ አይበልጥም ነበር፤ ሴቶቹም የቀረውን ለማወቅ ሲሉ ብቻ በማግስቱ ሳይጠሩ ይመጡ ነበር።

በኋላ ደግሞ ሬዲዮ መጣልን። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሁሉ ያንን ድምፅ አይረሳውም። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በእኛው አገር በጎጃም በመሆኑ፣ ማንኩሳንና ዲማን በስም የሚያውቁ ሰዎች በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበው ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል መጽሐፉን ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠ አንድም አልነበረም። ጉዱ ካሳ ምን እንደተናገረ ግን ሁሉም በቃሉ ይነግርህ ነበር። ታዲያ እነዚህ ሰዎች አላነበቡም ልንል ነው?

አዲስ አበባ ለትምህርት ስመጣ ያገኘሁት ደግሞ የኪራይ መጽሐፍ ነበር። ከሱቅ ጎን በተቀመጠች የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ መያዣ ሰጥተህ መጽሐፍ ትወስዳለህ፤ በቀን ሳንቲም ይታሰብብሃል። ሳንቲሙ እንዳይበዛ በአንድ ሌሊት ጨርሶ መመለስ ግድ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ዘመን በፍጥነት አንብቤ አላውቅም። ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ በካኪ ወረቀት ተለብደው በመርፌና በክር የተሰፉ መጻሕፍት ነበሩ፤ መጨረሻው ምዕራፍ የጠፋ መጽሐፍ ሲያጋጥመኝ አከራዩ ታሪኩ እንዴት እንዳለቀ በቃሉ ይነግረኝ ነበር። ያ ሰው ነጋዴ ቢሆንም በእኔ ግምት በከተማው ካሉ ሐያስያን የማያንስ ነበር። ዛሬ ያ ኪዮስክ የለም፤ በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቶበታል።

አሁን ወደ ጸሐፊው ልመለስ፤ ስለ ዕለት ኑሮው ሰዎች የሚያስቡት ከእውነቱ በጣም የራቀ ነውና። ደራሲ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሲጋራ እያጨሰ በመስኮት የሚያይ ሰው ነው። እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሣለሁ። እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለችው ሁለት ሰዓት ብቻ የእኔ ናት፤ ከዚያ በኋላ ልጆች አሉ፣ የአውቶቡስ ሰልፍ አለ፣ ሰባት ክፍለ ጊዜ ማስተማር አለ። በሁለቱ ሰዓት ውስጥ መብራት ከጠፋ በሻማ እጽፋለሁ፤ ስለዚህም ረቂቄን ዛሬም በእስክሪብቶ ነው የምሠራው። በአንድ ጥሩ ንጋት አንድ ገጽ ይወጣኛል። ከዚያ ገጽ ውስጥ በማግስቱ ሳነብበው የሚተርፈው ግማሹ ነው። ቅዳሜና እሑድ የፈተና ወረቀት አርማለሁ፤ የሁለት መቶ ተማሪ ድርሰት ካረምሁ በኋላ የራሴን ዐረፍተ ነገር ማመን ይቸግረኛል፤ የተማሪዎቼ ስሕተት እየተጋባብኝ «ይመስለኛል» እና «ይመስለኝኛል» የሚምታቱብኝ ቀን አለ።

ማንበብም የሥራዬ ክፍል ነው፤ ምናልባትም ዋናው ክፍል። አንድ ጸሐፊ ሳያነብ የሚጽፍ ከሆነ የራሱን ድምፅ ደጋግሞ ከመስማት በቀር ምንም አያደርግም። እኔ የማነበው ግን በአብዛኛው በውሰት ነው፤ በዚህ ደመወዝ በወር ሁለት አዲስ መጽሐፍ መግዛት ከዘይቱና ከጤፉ ጋር መጋፋት ነው። ሐቁን ለመናገር፣ በመደርደሪያዬ ላይ ካሉት መጻሕፍት ሰባቱ የሌላ ሰው ናቸው። «መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ ነው፤ የሚመልስ ደግሞ ከእርሱ የባሰ ሞኝ» የሚለውን ቀልድ በሳቅ አልፌው አላውቅም።

ሒሳቡንም ልናገረው፤ ጸሐፊዎች ስለ ገንዘብ መናገር ነውር ይመስላቸዋልና ማንም በግልጽ አይነግራችሁም። ሁለተኛውን መጽሐፌን በ2015 ዓ.ም. በአንድ ሺህ ቅጂ አሳተምሁ። ገንዘቡ ከቁጠባና ከዕቁብ የተገኘ ነው። ለአንዱ ቅጂ ኅትመት 110 ብር ወጣብኝ፤ የሽፋን ዋጋው 200 ብር ሆነ። መጽሐፍ መደብሩ ከየአንዱ 70 ብር ይወስዳል፤ ይህን ስል መውቀሴ አይደለም፣ እርሱም የቤት ኪራይ አለበት። ለእኔ የምትቀረው 20 ብር ናት። ሺሁም ቢሸጥ የአራት ዓመት ንጋት ዋጋው 20 ሺህ ብር ነው፤ ሺሁ ግን አልተሸጠም። የተሸጠውም ቢሆን ገንዘቡ የሚሰበሰበው መደብር ለመደብር እየዞሩ፣ «ሰኞ ብቅ በል» እየተባሉ ነው። መጻሕፍቱን ያመላለስሁት በማዳበሪያ ከረጢት ነው። የታክሲ ረዳቱ ከረጢቱን አንሥቶ ክብደቱን ሲያይ «ምንድን ነው፣ ድንች?» ብሎ ለዕቃው ሌላ ሒሳብ ጠይቆኛል።

የምረቃው ዕለትም የማይረሳ ነው። ስድሳ ያህል ሰው መጣ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ ንግግር ተደረገ፣ ግጥም ተነበበ። ከስድሳው ሃያ ሦስቱ ገዙ። የቀሩት «አንድ ፈርመህ ስጠኝ እንጂ» አሉኝ፤ ወዳጆቼ ናቸውና ፈርሜ ሰጠሁ። ለእነርሱ የሰጠሁት ቅጂ እንደማይባክን አሁን አውቃለሁ፤ ከእነርሱ ወደ ሌላ፣ ከሌላውም ወደ ሌላ ይሄዳል። በዚያን ዕለት ግን ሆዴ አልቆረጠም ብል ውሸት ይሆናል።

ሦስተኛው ረቂቅ አልቆ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ለማተሚያ ቤት የሚሆነው ወረቀት፣ ቀለሙም ፕሌቱም፣ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሬ የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ዓመት በየካቲት ዋጋ የሰጠኝ ማተሚያ ቤት በመስከረም ብመለስ አዲስ የዋጋ ማቅረቢያ ጻፈልኝ፤ ከታችም «ይህ ዋጋ የሚያገለግለው ለ7 ቀናት ብቻ ነው» የሚል ማኅተም ተመትቶበታል። ሰባት ቀን ለቤተሰብ ምክክር እንኳ አይበቃም።

እንግዲህ አስጻፊው ከወዴት ይምጣ? ይህ ነው የደብዳቤዬ ጉዳይ። አንባቢውን «ለምን አትገዛም» ብሎ መውቀስ ከንቱ ድካም ነው፤ 29 ዓመት በክፍል ውስጥ ስቆም የተማርሁት፣ መጽሐፍ እጁ ከገባ የማያነብ ልጅ ጥቂት መሆኑን ነው። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ደብተርና እስክሪብቶ ለመግዛት የሚቸገሩ ናቸው። ልጁ እንዲያነብም ጸሐፊው እንዲኖርም የሚያደርግ አንድ ተቋም ብቻ አለ፤ እርሱም የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ትልልቆቹ አሉን። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ወመዘክርን ትውልዶች አንብበውበታል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ተከፍቶ ወጣቱ ሲጎርፍበት እያየን ነው። አንባቢ የለም የሚል ሰው ቅዳሜ ጧት እዚያ ሄዶ ቢያይ መልካም ነው። እኔ የምናገረው ግን ስለ ትንንሾቹ ነው፤ ስለ ወረዳው፣ ይልቁንም ስለ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት። ስሙን በማልጠቅሰው ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ መደርደሪያዎቹ በሽቦ ወንፊት ታጥረው ቁልፍ የተበጀላቸው ቤተ መጻሕፍት ነበረን። ተማሪ በመስኮት ጠይቆ፣ መታወቂያ አስይዞ፣ እዚያው ተቀምጦ እንዲያነብ ይፈቀድለታል፤ ይዞ መሄድ ግን የለም። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ተደርጎ አንድም መጽሐፍ ሳይጎድል ተገኘና ኀላፊዋ በስብሰባ ላይ ተመሰገነች። ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ።

ያችን ሴት አልወቅሳትም። በንብረት አያያዝ ደንቡ መጽሐፍ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ በስሟ ተመዝግቦ የተረከበችው ስለሆነ፣ አንድ ቢጠፋ ከደመወዟ ይቆረጣል። በደመወዟ የተያዘ መጽሐፍ የሚያውስ ሰው ካለ እርሱ ጻድቅ ነው። የመንግሥት ንብረት ክፍሎች ዕቃን «ቋሚ» እና «አላቂ» ብለው ይከፍላሉ፤ ወንበር ቋሚ ነው፣ ጠመኔና ወረቀት አላቂ ናቸው። ሐሳቤ አጭር ነው፤ ለውሰት የተመደበ መጽሐፍ አላቂ ዕቃ ይባል። ጠመኔ ስለተጻፈበት አለቀ ተብሎ ማንም አይጠየቅም፤ መጽሐፍም ስለተነበበ ቢያልቅ፣ ከመቶው ጥቂቱም በተማሪ እጅ ቢቀር፣ የሚጠየቅ ሊኖር አይገባም። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ አንድ የመመሪያ ደብዳቤ ይበቃል።

ሁለተኛው ሐሳቤ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በአገሩ ቋንቋ የሚወጣውን አዲስ ሥነ ጽሑፍ መንግሥት በብዛት እየገዛ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያድላል፤ ሕዝቡ ጥቂት፣ ቋንቋውም የአንድ አገር ቋንቋ ስለሆነ ገበያው ብቻውን ጸሐፊ እንደማያኖር ተረድተውታል። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ሕግ፣ መጽሐፍ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በተዋሰ ቁጥር ለደራሲው ከመንግሥት በጀት ጥቂት ፔንስ እንዲታሰብለት አድርገዋል፤ ታዋቂዎቹ ገንዘቡን ጠቅልለው እንዳይወስዱትም ለአንድ ደራሲ በዓመት የሚከፈለው ከ6,600 ፓውንድ እንዳያልፍ ጣራ አበጅተውለታል። ጣራው በጣም ደስ ብሎኛል። የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ መልካም ሕግ ነው፣ ነገር ግን ስለ ውሰት ክፍያ እስካሁን ያሰበበት ያለ አይመስለኝም። አገራችን ሀብታም እንዳልሆነች አውቃለሁ። ለመጀመሪያ ያህል ግን እያንዳንዱ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት በዓመት ከሚወጡት አዳዲስ የአገር ውስጥ መጻሕፍት ከየአንዱ ሁለት ቅጂ በሽፋን ዋጋው ቢገዛ፣ ብዙ ረቂቆች ከመሳቢያ ይወጡ ነበር። የእኔ መጽሐፍ መመረጡ አይደለም ጉዳዩ፤ የሚመርጡት ቢተዉት መብታቸው ነው።

አንባቢዎች ስለ ስርቆቱስ ምን ትላለህ እንዳይሉኝ፣ በአጭሩ ላንሣው። ሁለተኛው መጽሐፌ በወጣ በአምስተኛው ወር አንድ ሰው ገጽ በገጽ በስልክ አንሥቶ በማኅበራዊ መገናኛ አሰራጭቶታል። ሳገኘው ደሜ ፈላ። ፎቶዎቹን እያሰፋሁ ስመለከት በየገጹ ጥግ ላይ ቅጠሉን የያዘው አውራ ጣት ይታያል፤ ጥፍሩ ሥር የሰማያዊ እስክሪብቶ ቀለም አለበት። 212 ገጽ፣ 212 ጊዜ ያው ጣት። ድካሙን አሰብሁት። ነገር ግን በደብተር ወረቀት ሁለት ገጽ ገልብጦ የተጎዳ መጽሐፍ ያዳነውን ሰውና ይህን ሰው አንድ ላይ ማየት አልችልም፤ ያኛው አንዱን ቅጂ በሕይወት አቆይቶልኛል፣ ይኸኛው የቀሩትን ስምንት መቶ ካርቶን ውስጥ አስቀርቶብኛል።

ክቡር አዘጋጅ፣ ከእርስዎም የምጠይቀው አለኝ። ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ ለአንባቢ ደብዳቤ መልስ ይሰጥ በነበረበት ዘመን፣ ከገጠር ከተማ የጻፈ ሰው መልሱን ከጋዜጣ ላይ ለማግኘት ተስፋ ነበረው። እኔም በዚያ ተስፋ እጠይቃለሁ። ጋዜጣዎ ለመኪና ሽያጭና ለጨረታ ከሚሰጠው ቦታ ላይ በሳምንት አንድ ሩብ ገጽ ቀንሶ፣ በሳምንቱ የወጡትን መጻሕፍት ርእስ፣ የደራሲውን ስም፣ የገጽ ብዛት፣ ዋጋና የሚገኙበትን ቦታ ቢያወጣልን ምን ይመስልዎታል? ሂስም ምስጋናም አልጠየቅሁም፤ ዝርዝሩ ብቻ ይበቃል። በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ያለ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ምን እንደታተመ የሚያውቅበት መንገድ አጥቷል። ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከደሴ ደውሎ አዲስ የወጣ ነገር ካለ ንገሩኝ ሲለኝ፣ እኔ ራሴ ለመመለስ ለገሃር ወርጄ ከአዟሪዎቹ መጠየቅ ነበረብኝ።

ያንን በ180 ብር የገዛሁትን ቅጂ በተመለከተ፣ ቤት ካደረስሁት በኋላ በሠንጠረዡ አሥራ ሁለተኛ መስመር ላይ የራሴን ስም ጻፍሁና በዚያው ቀን ሰረዝሁት። በኅዳር ወር ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዲቱ በጠረጴዛዬ ላይ አይታው «ቲቸር፣ ላንብበው?» አለችኝ። የማን እንደሆነ ሳልነግራት አሥራ ሦስተኛው መስመር ላይ ስሟንና ቀኑን አስፈርሜ ሰጠኋት። ይህን ደብዳቤ እስከጻፍሁበት ቀን ድረስ አልመለሰችም፤ ሳገኛት ሁልጊዜ «ወንድሜ ይዞታል» ትለኛለች።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጋዜጣዎ የዘወትር አንባቢ
ከአዲስ አበባ፣ ኮልፌ